የቆመ ዛፍ ስንት ኪሎ ይመዝናል?

ደሴ አካባቢ ባሕር ዛፍ በቁሙ ይሸጣል። ገዢው በማለዳ ይመጣና ከባለቤቱ ጋር ማሳውን ይዞራል። አንዱን ግንድ በክንዱ ያቅፋል፣ ቀና ብሎ ጫፉን ያያል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። «ይሄ ቋሚ ይወጣዋል፤ እነዚያ ማገር ናቸው፤ ከዳገቱ ጥግ ያሉት ግን ከአጣና አያልፉም።» አንድ ዛፍ ሳይወድቅ፣ አንድ ግንድ ሚዛን ላይ ሳይወጣ ዋጋ ይቆረጣል። ልጅ ሳለሁ አጎቴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ የነበረችውን የባሕር ዛፍ ማሳውን ሲሸጥ ከኋላቸው እከተል ነበር። ከሁሉ የገረመኝ ገዢው የገመቱትና ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ የወጣው እንጨት እምብዛም አለመራራቁ ነው።

«ጋሼ፣ እንዴት አወቁት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ስንቱን ቆርጬ አይቻለሁ» አሉኝ።

ደን ስለካ ውዬ ስገባ ያ መልስ ትዝ ይለኛል። አሎሜትሪክ ቀመር የሚባለው ነገር ከዚያ መልስ አይርቅም። ብዙ ዛፍ ቆርጦና መዝኖ ያየ ሰው፣ ያልተቆረጠውን ዛፍ ክብደት ከውፍረቱና ከቁመቱ ይገምታል። ልዩነቱ ነጋዴው የቆረጣቸውን ዛፎች በልቡ መያዙ፣ ተመራማሪው ደግሞ በወረቀት ማስፈሩና የግምቱን የስህተት መጠን አብሮ መጻፉ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ይህ ደን በሄክታር ይህን ያህል ቶን አለው» ሲለን ልንጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ከነጋዴው መልስ ውስጥ አለ፦ ለመሆኑ የተቆረጡት የትኞቹ ዛፎች ነበሩ?

በመጀመሪያ የምንመዝነው ምን እንደሆነ እንግባባ። ባዮማስ ሲባል የዛፉ ደረቅ ክብደት ነው። እርጥብ እንጨት የተሸከመ ሰው እንደሚያውቀው ከሸክሙ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ውሃው ደግሞ በክረምትና በበጋ ይለያያል፣ ከዛፍ ዛፍም ይለያያል። በዚህ ምክንያት ውሃው ይተውና ግንዱ፣ ቅርፊቱ፣ ቅርንጫፉ፣ ቅጠሉና ሥሩ ደርቀው የሚመዝኑት ብቻ ይቆጠራል። ከዚህ ደረቅ ክብደት ከመቶ 47 ያህሉ ካርቦን ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ለሞቃታማው የዓለም ክፍል ደኖች ያስቀመጠው ቁጥር ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አንደኛው ምክንያት የአገር ሒሳብ ነው። ኢትዮጵያ ደኖቿ ምን ያህል ካርቦን እንደያዙና በመመንጠር ምን ያህሉ እንደሚለቀቅ የሚያሳይ መነሻ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ጽሕፈት ቤት አቅርባለች። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከቀሩት ጉቶዎች እንዲያቆጠቁጥ ተደርጎ፣ ደኑ ከአየር የሰበሰበው ካርቦን በዓለም ገበያ ተሸጧል። የሚሸጠው ቶን ነው፤ ቶኑን ደግሞ ማንም ሚዛን ላይ አላወጣውም። የሒሳቡ ሰንሰለት ሁሉ የሚጀምረው ዛፍ በሜትር ከሚለካ አንድ ሰው ነው። የወሎ ገበሬም ነገ ስለ ተራራው ልማት እንዲህ ዓይነት ውል ቢቀርብለት፣ ቁጥሩ እንዴት እንደወጣ ቢያውቅ መብቱን ይጠብቃል ብዬ አምናለሁ። ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

አሎሜትሪ የሚለውን ቃል ያወጡት ጁሊያን ሃክስሊና ጆርጅ ቴሲየር የተባሉ ሁለት የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1936። ሐሳቡን ግን አራስ ያቀፈ ሁሉ ያውቀዋል። የተወለደ ሕፃን ጭንቅላቱ ብቻ የቁመቱን ሩብ ያህል ይይዛል፤ ሙሉ ሰው ሲሆን ግን ጭንቅላቱ ከቁመቱ ሰባት ተኩል ጊዜ ያህል ያንሳል። የአካል ክፍል ሁሉ እኩል አያድግም፤ ያለ ሥርዓትም አያድግም። ሥርዓት ካለው ደግሞ አንዱን ክፍል ለክቶ ሌላውን መገመት ይቻላል። የከብት ሚዛን በሌለበት ቦታ የእንስሳት ባለሙያ የበሬውን ደረት ከፊት እግሮቹ ኋላ በሜትር ዞሮ ለክቶ ክብደቱን ከሠንጠረዥ ያነባል። በዛፍ ላይ የምንሠራውም ይኸው ነው።

የዛፍ እድገት ሥርዓት ምን ይመስላል? ጀበናን አስቡ። ከአንድ ጀበና ይልቅ በቁመትም በሆድም በሁሉም በኩል እጥፍ የሆነ ጀበና ቢሠራ የሚይዘው ቡና እጥፍ አይደለም፤ ስምንት እጥፍ ነው። ሁለት ሲባዛ በሁለት፣ ሲባዛ በሁለት። ሆዱ ብቻ ሰፍቶ ቁመቱ ባለበት ቢቀር ደግሞ አራት እጥፍ ይሆን ነበር። ዛፍ በሁለቱ መካከል ነው። ሲወፍር ይረዝማል፣ ግን በወፈረው ልክ አይረዝምም። ወጣት ሳለ ወደ ላይ ይሮጣል፤ ካረጀ በኋላ ቁመቱ ይቆምና ግንዱ ብቻ ይሰፋል። በዚህ ምክንያት ውፍረቱ እጥፍ የሆነ ዛፍ ክብደቱ ብዙ ጊዜ አምስት ተኩል እጥፍ አካባቢ ይሆናል። ቀመሩ ውስጥ የምታዩት 2.4 ወይም 2.5 የሚባል ፓወር፣ ማለትም አንድ ቁጥር በራሱ ስንት ጊዜ እንደሚባዛ የሚያሳይ ቁጥር፣ ይህን ነው የሚናገረው፤ ከአራት እጥፉ 2 እና ከስምንት እጥፉ 3 መካከል የተቀመጠ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፦ ቀመሩ እንዴት ይወለዳል?

ዛፍ በመቁረጥ ይወለዳል። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ተመራማሪዎቹ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ዛፎችን ይመርጣሉ። ከመቁረጣቸው በፊት የግንዱን ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ደረት አካባቢ ማለት ነው፣ ይለካሉ፤ ቁመቱንም ይመዘግባሉ። ከዚያ ዛፉ ይወድቃል። ግንዱ ለብቻ፣ ወፍራም ቅርንጫፉ ለብቻ፣ ጭራሮው ለብቻ፣ ቅጠሉ ለብቻ ይከመራል። እያንዳንዱ ክምር እዚያው ጫካ ውስጥ በሚንጠለጠል ሚዛን እርጥብ ሳለ ይመዘናል። ግንዱ ለሚዛኑ ከከበደ በመጋዝ ይቆራረጣል፤ ብናኙ እንኳ ሸራ ላይ ተሰብስቦ የሚመዘንበት ጊዜ አለ። አንድን ትልቅ ዛፍ እንዲህ አድርጎ ለመጨረስ አንድ ቡድን ቀኑን ሙሉ ይለፋል፣ አንዳንዴም አይበቃውም።

ከየክምሩ ትንሽ ናሙና ይወሰዳል። ከግንዱ የሚወሰደው እንደ ድፎ ዳቦ የተቆረጠ ክብ ነው፤ ከሥር፣ ከመሃል፣ ከጫፍ። ናሙናው ወዲያው ይመዘናል፣ በላስቲክ ይታሸጋል፣ ቤተ ሙከራ ይገባል። እዚያ እንጨቱ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ለቀናት ይደርቃል። ቅጠል ቶሎ ስለሚጎዳ ለእሱ ሙቀቱ ይቀነሳል። 500 ግራም የነበረ ናሙና ደርቆ 260 ግራም ቢሆን፣ ጥምርታው 0.52 ነው፤ ጫካ ውስጥ 400 ኪሎ የመዘነው ግንድ ደረቁ 208 ኪሎ ነው ማለት ነው። የቅርንጫፉ፣ የጭራሮውና የቅጠሉ በዚሁ መንገድ ይሰላና ይደመራል። አንድ ዛፍ፣ አንድ ቁጥር።

ይህ ለአርባ፣ ለሰባ፣ ለመቶ ዛፍ ከተደጋገመ በኋላ ውፍረትና ክብደት በግራፍ ይሰፍራሉ። ነጥቦቹ ወደ ላይ እየታጠፉ የሚሄዱ ናቸው። የሁለቱም ሎጋሪዝም ሲወሰድ ግን ቀጥ ባለ መስመር ዙሪያ ይሰለፋሉ፤ የመስመሩ ተዳፋት ቅድም ያልነው ፓወር ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ከሎጋሪዝም ወደ ኪሎ ሲመለስ መስመሩ ጥቂት ወደ ታች ያደላል፤ ስለሆነም የማስተካከያ ቁጥር ይባዛበታል። ይህን የዘነጋ ቀመር ደኑን ካለው በታች ያሳየዋል።

ሥሩስ? ሥር መቆፈር ከሁሉ የከፋ ሥራ ነው፤ በደሴ ዓለታማ ዳገት ላይ የቤት መሠረት የቆፈረ ሰው ይረዳዋል። ስለዚህ አብዛኛው ጥናት ከመሬት በላይ ያለውን ለክቶ ለሥሩ ድርሻ ይጨምራል። ለሞቃታማው ክልል ተራራማ ደኖች የተለመደው ድርሻ 0.27 ነው፤ ከላይ 100 ኪሎ ካለ ከታች 27 ኪሎ አለ ተብሎ ይገመታል።

ወደ ቁጥሩ እንግባ። ሁለት ቀመሮችን ላሳያችሁ፤ ሁለቱም ያለ ሥሩ ከመሬት በላይ ያለውን ብቻ የሚገምቱ ሲሆኑ በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው በምዕራብ ኬንያ የእርሻ አካባቢዎች ከተቆረጡ 72 ዛፎች የተገኘና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ነው። የሚጠይቀው ዲያሜትር ብቻ ነው፦

ባዮማስ በኪሎ = 0.091 × ዲያሜትር በሴንቲሜትር ፓወር 2.472

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2014 በጄሮም ሻቭና ባልደረቦቹ የታተመው ነው። በሞቃታማው ዓለም 58 ቦታዎች ከተቆረጡ 4,004 ዛፎች የተገኘ ሲሆን ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ዲያሜትር፣ ቁመትና የእንጨቱን እፍግታ፦

ባዮማስ በኪሎ = 0.0673 × (እፍግታ × ዲያሜትር × ዲያሜትር × ቁመት) ፓወር 0.976

እፍግታ ማለት አንድ ሴንቲሜትር ኩብ እንጨት ደርቆ ስንት ግራም እንደሚመዝን ነው። ወይራ ከሰል አክስሎ የሚያውቅ፣ ወይም ለጭስ ብሎ የወይራ ፍልጥ ያነሳ ሰው ቁጥሩን ባይጠራውም ልዩነቱን በእጁ ያውቀዋል፤ ወይራ ከጽድ ይከብዳል።

ኮምቦልቻን ቁልቁል በሚያየው የጎፍ ተራራ ላይ ካለው ደን አንድ ጽድ እንውሰድ። የጎፍ የተፈጥሮ ጽድና ወይራ ከተተከለ የፈረንጅ ጽድና ባሕር ዛፍ ጋር ጎን ለጎን የሚታይበት ተራራ ስለሆነ ለዚህ ትምህርት የተሻለ ቦታ አላውቅም። ዛፋችን ዲያሜትሩ 30 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 15 ሜትር፣ እፍግታው 0.55 ይሁን። የኬንያው ቀመር 408 ኪሎ ይለናል። የሻቭ ቀመር 403 ኪሎ ይለናል። ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች እንዲህ ሲስማሙ ልብ ያርፋል። ዲያሜትሩ 15፣ ቁመቱ 10 ሜትር ለሆነ ወጣት ጽድም አንዱ 74፣ ሌላው 70 ኪሎ ይላሉ።

አሁን ወደ አንድ ያረጀ ዛፍ እንሂድ። ዲያሜትሩ 60 ሴንቲሜትር ነው፤ ግን ነፋስ ጫፉን ሰብሮት ወይም ብርዱ ይዞት ቁመቱ ከ15 ሜትር አላለፈም። እንዲህ ያለ ጽድ በደጋው ብርቅ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይታችሁት ይሆናል። የኬንያው ቀመር 2,263 ኪሎ ይለዋል። የሻቭ ቀመር 1,561 ኪሎ። ሰባት ኩንታል ልዩነት፣ በአንድ ዛፍ! ሁለቱም ቀመሮች አልተሳሳቱም፤ የኬንያው ቀመር ዛፉን አላየውም። 60 ሴንቲሜትር የወፈረ ዛፍ በዚያው ልክ ረጅም ነው ብሎ ገመተ፣ እሱ ያያቸው እንደዚያ ስለነበሩ።

እዚህ ላይ የእኛ አካባቢ ጉዳይ ይመጣል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወጣ ብርዱ ይለወጣል፣ ነፋሱ ይለወጣል፣ የዛፉም ቅርጽ ይለወጣል። በአጠቃላይ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ዛፍ እያጠረ ይሄዳል። ዲያሜትርን ብቻ የሚጠይቅ ቀመር ይህን አያይም። ስለዚህ በደሴ ዙሪያ ደን ለሚለካ ሰው ምርጫዬ ግልጽ ነው፦ ቁመትን የሚጠይቅ ቀመር ይያዝ፣ ድካሙም ይቻል።

የዛፉ ዓይነት ሌላው ጉዳይ ነው። ያንኑ 30 ሴንቲሜትርና 15 ሜትር ይዘን እፍግታውን ብቻ ወደ 0.85 ብንለውጠው፣ ወይራ ነው እንበል፣ 403 ኪሎ የነበረው 617 ይሆናል። ደግሞ ያረጀ ወይራ ብዙ ጊዜ ሆዱ ባዶ ነው። ከውጭ ሲታይ ግርማ አለው፤ ውስጡ እረኛ ከዝናብ የሚጠለልበት ዋሻ ነው። ቀመሩ ዋሻውን እንጨት ብሎ ይቆጥረዋል። ሌላም አለ። የሻቭ 4,004 ዛፎች አብዛኞቹ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው የሞቃታማ ደን ዛፎች ናቸው፤ ጽድ ከዚያ ቤተሰብ አይደለም። ለጽድ የራሱ ቀመር ቢኖር ይሻላል። ነገር ግን ቀመር የሚወለደው በመቁረጥ ነው፤ ጽድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዋንዛና ከዝግባ ጋር በመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎት ነበር። ተገቢ ክልከላ ነበር፤ ለተመራማሪው ግን ጥቂት ዛፍ ለመመዘን እንኳ ልዩ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር ማለት ነው። ነፋስ የጣለው ጽድ ሲገኝ ሚዛን ይዞ መሮጥ ያዋጣ የነበረውም ለዚህ ነው።

አሁን ሜትር ይዘን እንውጣ፤ ብዙ ስህተት የሚሠራው ቀመሩ ላይ ሳይሆን እዚህ ነው።

ጫካ ውስጥ ብዙ ሰው የሚለካው ዙሪያውን ነው፤ ዲያሜትሩን ለማግኘት ዙሪያው ለ3.14 ይካፈላል። 94 ሴንቲሜትር ዙሪያ ማለት 30 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ነው። ይህን ማካፈል ረስቶ 94ን እንደ ዲያሜትር ያስገባ ሰው 408 ኪሎ የነበረውን ዛፍ 17 እጥፍ ያሳድገዋል፤ ሰባት ቶን ሊሞላ ምንም አይቀረው። ይህ ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። የማይታየው ትንሹ ስህተት ነው። ሜትሩ ላልቶ ወይም ተጣምሞ ዲያሜትሩ በመቶ 10 ቢበልጥ ክብደቱ በመቶ 20 እስከ 27 ይበልጣል። ሐረግና የተላጠ ቅርፊት ሳያነሱ መለካትም ያው ነው። ዳገት ላይ የቆመን ዛፍ ከላይ በኩል ቆመን፣ 1.3 ሜትሩን ከዚያ ጀምረን እንለካለን። ከታች በኩል የለካ ሰው ግንዱን ወደ ሥሩ ተጠግቶ ነው የሚያገኘው፤ እዚያ ደግሞ ግንድ ይሰፋል።

ቁመት ለመለካት ክሊኖሜትር የሚባል የማዕዘን መለኪያ አለ፤ በስልክም ይሠራል። መሣሪያ ከሌለ የድሮ ዘዴ አለ። ከዓይናችሁ እስከ ተዘረጋው ጨብጣችሁ ያለውን ርዝመት የሚያህል በትር ከጨብጣችሁ በላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። በትሩ ዛፉን ከሥር እስከ ጫፍ ልክ እስኪሸፍነው ድረስ ወደ ኋላ ሂዱ። በቆማችሁበትና በዛፉ መካከል ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው። ሜዳ ላይ ግሩም ነው፤ ዳገት ላይ ግን ያታልላል፣ ስለዚህ ከዛፉ ጋር በአንድ ከፍታ ላይ ቁሙ።

ዳገት ሌላም ነገር ያበላሻል። ደን ሙሉ በሙሉ አይለካም፤ ለምሳሌ 20 በ20 ሜትር የሆኑ ናሙና ቦታዎች ይከለሉና በውስጣቸው ያለው ተለክቶ በ25 ይባዛል፤ 400 ካሬ ሜትር በ25 ሲባዛ አንድ ሄክታር ነውና። ሄክታር ግን የሚቆጠረው በካርታ ላይ ነው፣ እንደ ተነጠፈ ሜዳ። 30 ዲግሪ በሚያጋድል ቦታ ላይ ገመዱን በዳገቱ ላይ 20 ሜትር ከዘረጋችሁት በካርታ ላይ 17.3 ሜትር ብቻ ነው። 400 ያላችሁት 346 ካሬ ሜትር ሆነ፤ ደኑን በመቶ 13 ያህል አሳነሳችሁት። ከጦሳ እስከ አዝዋ ገደል ዳገት ባልሆነ መሬት ላይ ደን ማግኘት ከባድ በሆነበት አገር ይህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ገመዱን አግድም ወጥሮ ደረጃ በደረጃ መውረድ፣ ወይም ዳገቱን ለክቶ ርዝመቱን ጨምሮ መከለል።

ባሕር ዛፍ የራሱ ፈተና አለው። ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ሦስት አራት ሆኖ ያቆጠቁጣል። ከአንድ ጉቶ የወጡ እያንዳንዳቸው 10 ሴንቲሜትር የሆኑ ሦስት ግንዶችን አንድ ሰው ደምሮ «30 ሴንቲሜትር» ብሎ ቢጽፍ፣ በኬንያው ቀመር 408 ኪሎ ያገኛል። አንድ በአንድ ቢያሰላ ግን እያንዳንዱ 27 ኪሎ ነው፤ ሦስቱ 81። አምስት እጥፍ ስህተት፣ በአንድ መደመር።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ ስህተት በአንድ ሪፖርት ላይ አይቼ ሌሊቱን ሳሰላ አድሬአለሁ። ጸሐፊው የናሙና ቦታውን ዛፎች ሁሉ ዲያሜትር አማክሎ አንድ አማካይ ቁጥር አወጣ፤ አማካዩን በቀመሩ ውስጥ አስገባ፤ ውጤቱን በዛፎቹ ብዛት አባዛ። ንጹሕ ሥራ ይመስላል። በሁለት ዛፍ እንፈትሸው፦ አንዱ 10፣ ሌላው 50 ሴንቲሜትር። አማካዩ 30 ነው፤ 408 ሲባዛ በ2፣ 816 ኪሎ። እውነቱስ? ትንሹ 27 ኪሎ፣ ትልቁ 1,442 ኪሎ፤ ድምሩ 1,469። የደኑ ግማሽ ያህል በአማካይ ስም ጠፋ። ክብደት ከውፍረት ጋር እኩል ስለማይሄድ እያንዳንዱ ዛፍ ለብቻው መሰላት አለበት፤ መደመሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እነዚያን ሁለት ቁጥሮች እንደገና ተመልከቷቸው። አንድ 50 ሴንቲሜትር የወፈረ ዛፍ 53 ባለ 10 ሴንቲሜትር ዛፎችን ያህላል። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ2019 ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ እየቆጠርን እንተክላለን፤ እኔም ተክያለሁ፣ እተክላለሁም። ነገር ግን በካርቦን ሒሳብ አንድን አሮጌ ጽድ አስቆርጦ በምትኩ ሃምሳ ችግኝ መትከል ማካካሻ አይደለም። ሃምሳዎቹ ሁሉ ጸድቀው፣ ፍየል ሳይበላቸው፣ 10 ሴንቲሜትር እስኪደርሱ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ፤ ያኔም ገና ይደርሱበታል እንጂ አያልፉትም። የእነዚህ ቀመሮች ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህን በኪሎ ማሳየታቸው ነው።

ታዲያ አንድ ቀመር ምን ያህል ይታመናል? ለአንድ ዛፍ ከሆነ ከሩብ በላይ ሊስት ይችላል። ለመቶ ዛፍ ከሆነ በአንዱ ላይ የበዛው በሌላው ላይ ያነሰውን እያካካሰ ድምሩ ይስተካከላል። ይህ የሚሆነው ግን ስህተቱ ወዲያና ወዲህ ሲል ነው። ቁናው ራሱ ጎዶሎ ከሆነ መቶ ጊዜ ብትሰፍሩ ጉድለቱ መቶ ጊዜ ይደመራል። ለእርጥብ ቆላ ዛፍ የተሠራ ቀመር በጦሳ አናት ላይ ላሉ አጫጭር ዛፎች ሲውል ጎዶሎ ቁና ነው፤ ወይም የተትረፈረፈ። ናሙና በማብዛት አይድንም። ቀመሩ ከተሠራበት የውፍረት ክልል ውጭ ያለ ዛፍ ላይ ማዋልም እንዲሁ ነው፤ የሻቭ ቀመር ከ5 ሴንቲሜትር በታች ያለ ዛፍ አላየም፣ ስለዚህ ስለ ችግኝ የሚናገረው የለም።

ክብደቱ ከታወቀ በኋላ የካርቦኑ ሒሳብ አጭር ነው። የእኛ 403 ኪሎ ጽድ ከሥሩ ጋር 512 ኪሎ ይሆናል፤ በ0.47 ሲባዛ 241 ኪሎ ካርቦን፤ ያ ደግሞ በ3.67 ሲባዛ ከአየር የተወሰደ 880 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ።

ሳተላይትስ አይመዝነውም ወይ የሚል ይኖራል። በ2018 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተላከው ጌዲ የተባለ የሌዘር መሣሪያ የደኖችን ቁመት ከላይ ይለካል፤ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅትም ባዮማስ የተባለ ባለ ራዳር ሳተላይት በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. አምጥቋል። ድንቅ ናቸው። ግን ሳተላይት የሚያየው ብርሃንና ሞገድ ነው እንጂ ኪሎ አይደለም። የሚያየውን ወደ ኪሎ የሚተረጉምለት መሬት ላይ በሜትር የተለካ ናሙና ቦታና አሎሜትሪክ ቀመር ነው። ከጠፈር የመጣው ካርታ የጎፍ ላይ ስህተት ካለበት፣ ስህተቱ የተጀመረው ምናልባት ሜትሩን ከዳገቱ በታች በኩል በያዘ ሰው ነው።

እኔ ስለካ አንድ ነገር አልረሳም፤ ቀለም። ሜትሩ ያረፈበት ቦታ ላይ፣ ከመሬት 1.3 ሜትር፣ ቀጭን መስመር በቀለም እቀባለሁ፤ ለዛፉም ቁጥር እሰጠዋለሁ። ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ለኪ እጁን እዚያው ላይ እንዲያሳርፍ ነው። 30 ሴንቲሜትር የነበረው 32 ሆኖ ቢያገኘው፣ ሁለቷ ሴንቲሜትር በዓይን አትታይም፤ በቀመሩ ግን 408 የነበረው 478 ኪሎ ሆኗል። ሰባ ኪሎ እንጨት፣ ከአየርና ከዝናብ የተሠራ። መስመሩ ከአንድ መዳፍ ስፋት በላይ ወይም በታች ቢሳት ግን ያቺ ሁለት ሴንቲሜትር የዛፉ እድገት ትሁን የለኪው እጅ ስህተት፣ ማንም ሊለይ አይችልም።